የውኃ ፓምፑን ማን ያብራው? ማንስ ያጥፋው?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ሠፈር ለቀናት ደርቆ የከረመው ቧንቧ ይነፋ፣ ይንጫጫ ጀምሯል። የቤቱ እመቤት ድምፁን ለይታ ስለምታውቀው ከእንቅልፏ ትነቃለች። ግቢ ወርዳ መሬት ላይ የተቀመጠው ታንከር ውኃ መያዙን ካየች በኋላ ወደ ላይኛው ታንከር የሚገፋውን ፓምፕ ሶኬት ላይ ትሰካለች። ታንከሩ እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ "እስከዚያው ጋደም ልበል" ትላለች። ስትነቃ ነግቷል። ከሁለት አንዱም ደርሷል። ወይ የላይኛው ታንከር ሞልቶ ስንት ቀን የተጠበቀው ውኃ በጣሪያው እየወረደ ቦይ ገብቷል፤ ወይ ደግሞ የታችኛው አልቆ ፓምፑ ሌሊቱን በደረቁ ሲሽከረከር አድሮ ተቃጥሏል።

በአዲስ አበባ ሁለት ታንከርና አንድ ፓምፕ ካለበት ግቢ፣ ከእነዚህ ሁለት አደጋዎች አንዱን የማያውቅ እምብዛም አይገኝም። የሚያስቆጨው ሁለቱንም የሚያስቀረው ዕቃ ከፓምፑ ዋጋ ጥቂቱን ብቻ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ፍሎት ስዊች፣ ፕሬዠር ስዊች፣ ታይመር፣ ኮንታክተር፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከስልክ የሚታዘዝ የዋይፋይ ስዊች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። ገዢው "የቱ ይሻላል?" ብሎ ሲጠይቅ የሚቀርብለት አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው፣ "ዘመናዊው" የሚባለው ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ዘመናዊው መገዛት ያለበት በመጨረሻ ነው። ምክንያቱም ሰዓትም ሆነ ስልክ ታንከሩ ውስጥ ውኃ ስለመኖሩ የሚያውቁት ነገር የለም። የግቢ ፓምፕ አለቃ መሆን ያለበት ውኃው ራሱ ነው።

ዋጋ የሚፈልጉ አንባቢዎች ይቅርታ ያድርጉልን። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ በሚወሰን ምንዛሪ የሚመነዘር በመሆኑ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እዚህ ብንጽፍ ጋዜጣው ተሸጦ ሳያልቅ ያረጃል። ስለዚህ የምንናገረው የትኛው ከየትኛው እንደሚረክስና ገንዘቡ የት ላይ ቢውል እንደሚያዋጣ ነው።

ከመዋኛ ገንዳ የመጣ ልማድ

የቤት ዕቃን በራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ የማድረግ ንግድ የተስፋፋው በአሜሪካና በአውሮፓ ነው። ኤክስ 10 የተባለውና በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ ምልክት እየላከ ስዊቾችን የሚያዘው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ ተሠራ። በኋላም በአሜሪካ ገበያ ስሙ ገነነ። እንዲህ ያሉ ስዊቾች ከመብራት ቀጥሎ ከሚታዘዙባቸው ነገሮች አንዱ የጓሮ መዋኛ ገንዳ ፓምፕ ነው። ዛሬም በይነመረብ ላይ "ፓምፕን በራሱ እንዲሠራ ማድረግ" ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ምክር አብዛኛው ለገንዳ ባለቤቶች የተጻፈ ነው።

ገንዳው ጋ ሰዓት ይበቃል። ፓምፑ ከገንዳው ስቦ በማጣሪያ አሳልፎ ወደዚያው ገንዳ ስለሚመልስ ውኃው አያልቅም፤ ሞልቶም አይፈስም። የሚያስፈልገው በቀን ስንት ሰዓት ይሥራ የሚለው ብቻ ነው። 40 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳና በሰዓት 10 ሜትር ኩብ የሚያሽከረክር ፓምፕ ቢኖር ውኃው ሁሉ አንድ ጊዜ ለመጣራት 4 ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ጊዜ ይጣራ ከተባለ 8 ሰዓት ነው። ከመስመር 1.1 ኪሎዋት የሚስብ የአንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ቀንና ሌሊት ሲሠራ በቀን 26 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 8 ሰዓት ብቻ ቢሠራ 9 ገደማ ነው። በቢሾፍቱና በሐዋሳ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች ይህን ሒሳብ ቢሠሩ ታይመሩ ዋጋውን ለመመለስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚህም የተሻለው ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ፓምፕ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው ውኃ በግማሽ ሲቀንስ የሚበላው ኃይል ግን በመርሕ ደረጃ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በእጥፍ ሰዓት ቢሠራ እንኳን ፍጆታው ሩብ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ደንብ አብዛኞቹን አዳዲስ የገንዳ ፓምፖች ወደዚህ ዓይነት የገፋቸው ለዚህ ነው።

ወደ እኛ ግቢ ስንመለስ ሒሳቡ ይገለበጣል። በብዛት የምንጠቀምበት የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ (0.37 ኪሎዋት የሚል ሳህን ያለበት) ከመስመር የሚስበው ግማሽ ኪሎዋት ያህል ነው። በደቂቃ 25 ሊትር ቢገፋ 2,000 ሊትር ታንከር በ80 ደቂቃ ይሞላል፤ የሚበላውም ከ0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ 12 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ "ይህ ስዊች የመብራት ሒሳብዎን ይቀንሳል" የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው። የሚተርፈው መብራት ሳይሆን ውኃው፣ ፓምፑና እንቅልፉ ነው።

ደረቅ ፓምፕ ለምን ይቃጠላል?

ፓምፑ ውስጥ ውኃው ያለበትን ክፍል ከሞተሩ የሚለይ መካኒካል ሲል የሚባል ነገር አለ። ሁለት ለስላሳ ፊቶች እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ የሚዞሩበት ሲሆን፣ የሚያቀዘቅዛቸውና የሚያለሰልሳቸው በመካከላቸው የሚገባው ስስ ውኃ ነው። ውኃው ሲጠፋ ፊቶቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላሉ፤ ይሰነጠቃሉ፤ ጎማው ይጠነክራል። ጣጣው በዚህ አያበቃም። በማግስቱ ውኃ ሲመጣ በተበላሸው ሲል በኩል ጠብ ጠብ እያለ ወደ ኩሽኔታው፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ ጥቅል ሽቦ ይገባል። ባለቤቱ "ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ተቃጠለ" የሚለው ለዚህ ነው። የተቃጠለው ትናንት ሲሆን የታየው ግን ዛሬ ነው። ሽቦውን እንደገና አስጠቅልሎ፣ ኩሽኔታና ሲል ቀይሮ ማስነሳት ይቻላል፤ ወጪውን ግን ከፍሎት ስዊች ዋጋ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ይናደዳል።

ሁለት ፍሎት ስዊች፣ አንድ መስመር

ፍሎት ስዊች በሽቦ ጫፍ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ ዕንቁላል መሰል ዕቃ ነው። ውስጡ የምትንከባለል ኳስና ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ውኃው ሲያነሳው ቀና ይላል፤ ውኃው ሲወርድ ይንጠለጠላል። ቀና ሲል አንዱ መስመር ይዘጋል፣ ሲንጠለጠል ሌላው። ለዚህም ነው ብዙውን ጊዜ ሦስት ሽቦ የሚኖረው፤ አንዱ የጋራ ሲሆን ሁለቱ ለሁለቱ ተግባር ናቸው።

ለአንድ ግቢ ሁለት ያስፈልጋሉ። በላይኛው ታንከር ውስጥ የሚገባው ሲንጠለጠል "ጎድሏል፣ ይነሳ" ብሎ መስመር የሚዘጋው ነው። በታችኛው ታንከር የሚገባው ደግሞ ተቃራኒው፣ ቀና ሲል "ውኃ አለኝ፣ ይነሳ" የሚለው ነው። ሁለቱ በአንድ ፌዝ ሽቦ ላይ በተርታ ይቀጠላሉ። ከሁለቱ አንዱ እምቢ ካለ ፓምፑ አይነሳም። ይኸው ነው። ኮምፒዩተር የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ የሚያረጅ ፕሮግራም የለም።

ገንዘብ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የቱ ይቅደም? ብዙ ሰው የላይኛውን ያስቀድማል፤ ሲፈስ የሚታየው እሱ ስለሆነ። የእኛ ምክር ግን የታችኛው ነው። የላይኛው ሲፈስ የሚጠፋው የአንድ ፈረቃ ውኃ ነው። የታችኛው ሲደርቅ የሚጠፋው ፓምፑ ሲሆን፣ ፓምፕ ከሌለ ደግሞ የሚቀጥለው ፈረቃ ውኃም ላይ አይወጣም።

የሽቦዎቹ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ "ሰማያዊው የመሙያ ነው፣ ቡናማው የማውረጃ ነው" የሚለውን ወሬ ይዞ መገጣጠም አያዋጣም። ሱቁ ውስጥ ቴስተር ይለመን። ፍሎቱን አንጠልጥሎ የትኞቹ ሁለት ሽቦዎች እንደሚገናኙ፣ ቀና አድርጎ ደግሞ የትኞቹ እንደሆኑ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እግረ መንገዱንም ዕቃው መሥራቱ ይረጋገጣል። ይህን እምቢ የሚል ሻጭ ጋ ባይገዛ ይሻላል።

ከፍሎቱ ጋር በሳጥኑ ውስጥ ሽቦው ላይ የሚታሠር ክብደት ይኖራል። ብዙ ሠራተኛ ትርፍ ዕቃ መስሎት ይጥለዋል። የሥራው ቁም ነገር ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ከክብደቱ እስከ ፍሎቱ ያለው ሽቦ ርዝመት ፓምፑ በሚነሳበትና በሚቆምበት የውኃ ከፍታ መካከል ያለውን ልዩነት ይወስናል። ስፋቱ (ዲያሜትሩ) 1.20 ሜትር የሆነ ክብ ታንከር እንውሰድ። በዚህ ታንከር ውስጥ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ 113 ሊትር ነው። ልዩነቱ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ፓምፑ ተነስቶ 565 ሊትር ሳይሞላ አይቆምም፤ በደቂቃ 25 ሊትር በሚገፋ ፓምፕ 23 ደቂቃ ገደማ ይሠራል ማለት ነው። ክብደቱ ተጥሎ ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ቢቀር ግን ሁለት ሰው ገላውን በታጠበ ቁጥር ይነሳል። ሞተርን ደግሞ ከመሥራት ይልቅ መነሳት ያደክመዋል።

በታችኛው ታንከር ፓምፑ የሚቆምበት ልክ ከመሳቢያው ቧንቧ አፍ ቢያንስ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ አየርና የታንከር ዝቃጭ አብሮ ይሳባል። ፍሎቱ ከግድግዳውና ከመሙያው ቧንቧ ራቅ ብሎ በነፃ መወዛወዝ አለበት። ሽቦ ሲያጥር ታንከር ውስጥ ቀጥሎ በፕላስተር መጠቅለል ፈጽሞ አይደረግም። ፍሎት ባለ 2፣ ባለ 3፣ ባለ 5ና ባለ 10 ሜትር ሽቦ ስለሚገኝ ከታንከሩ አፍ ውጭ እስካለው ሳጥን የሚደርሰውን መግዛት ነው። ለመጠጥ ውኃ የሚሆን ተብሎ የተሠራ ሽቦ ካለ ጥቂት ጨምሮ እሱን መውሰድ ይሻላል፤ ይህን ውኃ እንጠጣዋለንና።

"16 አምፔር" ማለት ምን ማለት ነው?

ፍሎቱ ላይ 16፣ በቅንፍ ደግሞ 8 የሚል ቁጥር ይታያል። የመጀመሪያው ለምጣድ፣ ለማሞቂያና ለመሳሰሉት ነው። በቅንፍ ያለው ለሞተር ነው። ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እጥፍ አምፔር ስለሚጎትት ለሞተር የተፈቀደው ያነሰ ነው። የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 2.5 አምፔር አካባቢ፣ የአንድ ፈረስ ጉልበት ደግሞ 5 እስከ 6 ስለሚስብ ሁለቱንም ደህና ፍሎት በቀጥታ ይችላቸዋል። ከዚያ በላይ ለሆነ ሞተርና ለሦስት ፌዝ ሁሉ ኮንታክተር ይግባ። ኮንታክተር ማለት በትንሽ ጅረት የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ ነው። ፍሎቶቹ የሚያዙት የኮንታክተሩን ጥቅልል ብቻ ሲሆን ሸክሙን የሚሸከመው ኮንታክተሩ ነው። አብሮትም በሞተሩ ሳህን ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ የሚስተካከል ኦቨርሎድ ሪሌ ይገጠማል።

የዋይፋይ ስዊች የሚገዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። "10 አምፔር" ወይም "16 አምፔር" የሚለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሞተር የሚናገረው ነገር የለም፤ በቅንፍ ያለውም ቁጥር ላይኖር ይችላል። በውስጡ ያለችው ትንሽ ሪሌ በየመነሳቱ በሚፈጠረው ብልጭታ ትቃጠልና አንድ ቀን ሁለቱ ጥርሶቿ ተበይደው ይቀራሉ። ያን ቀን ስልኩ "ጠፍቷል" ይላል፤ ፓምፑ ግን እየሠራ ነው። ባለቤቱ ቢሮ ተቀምጦ መቶ ጊዜ ቢጫን ለውጥ የለም። እንዲህ ያለ ስዊች የግድ ከተፈለገ ኮንታክተሩን ይዘዝ እንጂ ሞተሩን በቀጥታ አያንሳ፤ ከሁለቱ ፍሎቶች ጋርም በተርታ ይግባ። ስልኩ "ይነሳ" ቢል እንኳን ታንከሩ "ውኃ የለኝም" ካለ የታንከሩ ቃል ይጸናል።

እንዲህ ከሆነ ስልኩ ምን ይጠቅማል? ይጠቅማል። ፓምፑ ዛሬ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል፤ ሁለት ሰዓት የሚበቃው ፓምፕ ስድስት ሰዓት ሠርቶ ከተገኘ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የሚስበውን ኃይል የሚለካው ዓይነት ደግሞ በደረቅ የሚሽከረከር ሞተር ከተለመደው ያነሰ ስለሚስብ ጥሩ ምስክር ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ከውጭ ማዘዝም ማየትም አይቻልም። ባለሙያዎች "ዓይን እንጂ እጅ አታድርገው" ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ታይመርም ቦታ አለው፤ ሦስተኛ ሆኖ። ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ፓምፑ እንዳይነሳ፣ ወይም ጎረቤት በተኛበት እንዳይጮህ ለማድረግ ይረዳል። ሲሞላ ግን የሰዓት አቆጣጠሩን ልብ ይሏል። የዕቃው 02:00 የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። 8 ብሎ የሞላ ሰው ፓምፑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሲነሳ ያገኘዋል። የሚሽከረከረው ርካሹ ታይመር መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ስለሚቆም ከሳምንት በኋላ ሌሊትና ቀኑ ይምታታበታል፤ መጠባበቂያ ባትሪ ያለው ዲጂታሉ ይሻላል።

ለቧንቧ በቀጥታ ለሚገፉ

ከፍ ያለ ታንከር የሌላቸው ቤቶች ፓምፑ በቀጥታ ወደ ቧንቧዎቹ እንዲገፋ ያደርጋሉ። እዚህ የሚያዘው ፕሬዠር ስዊች ሲሆን ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ በ1.4 ባር ተነስተው በ2.8 ባር እንዲቆሙ ተስተካክለዋል። አብሮት የሚገጠመው 24 ሊትር የሚይዝ ክብ ፕሬዠር ታንክ ውስጥ አየር አለ። የአየሩ ግፊት ታንኩ ከውኃ ባዶ ሆኖ ሲለካ ፓምፑ ከሚነሳበት በ0.2 ባር ማነስ አለበት፤ ለ1.4 ባር 1.2 ማለት ነው። መለኪያው የመኪና ጎማ መለኪያ ነው፤ ጎሚስታ ይሞላዋል። አየሩ ሲያልቅ ወይም በውስጡ ያለው ጎማ ሲቀደድ ፓምፑ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ቷ፣ ቷ፣ ቷ እያለ ይነሳል፣ ይቆማል። ሠራተኛ ተጠርቶ ፕሬዠር ስዊቹን ይቀይራል፤ ሳምንት ሳይሞላ አዲሱም እንደዚያው ይሆናል። በሽታው ስዊቹ ጋ ሳይሆን ታንኩ ጋ ነው።

አንድ ነገር በጣም ይሰመርበት። ተራ ፕሬዠር ስዊች ፓምፑን ከድርቀት አያድነውም። ውኃ ሲያልቅ ግፊት ይወርዳል፤ ስዊቹም "ቧንቧ ተከፍቷል" ብሎ ይረዳዋል እንጂ "ታንከሩ ደርቋል" አይልም። ስለዚህ ፓምፑ እስኪቃጠል ያሠራዋል። የታችኛው ታንከር ፍሎት እዚህም የግድ ነው። በፕሬዠር ስዊቹና በታንኩ ፈንታ የሚገባው ኤሌክትሮኒክ ፕሬስ ኮንትሮል ግን ውኃ መፍሰሱን ስለሚያይ በደረቁ ያቆመዋል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። አብዛኞቹ በ1.5 ባር የሚነሱ ናቸው። 10 ሜትር የቆመ ውኃ 1 ባር ያህል ግፊት ስላለው ከዕቃው በላይ ያለው ቧንቧ ከ15 ሜትር ከበለጠ፣ ላይ ያለው ሰው ቧንቧ ቢከፍትም የቆመው ውኃ ብቻውን ዕቃውን "ግፊት አለ" ስለሚያሰኘው ፓምፑ አይነሳም። አራትና አምስት ፎቅ ላይ "ተበላሽቷል" ተብሎ ወደ ሱቅ የሚመለሰው ፕሬስ ኮንትሮል ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ቦታው ተሳስቶ ይሆናል።

ከሕዝብ መስመር ላይ ያለ ታንከር በቀጥታ በፓምፕ መሳብ ግን ስዊች የማያስተካክለው ጥፋት ነው። የጎረቤትን ድርሻ መውሰድ ብቻ አይደለም። መስመሩ ውስጥ ግፊቱ ሲጠፋ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል የአፈርና የቦይ ውኃ ወደ ውስጥ ይሳባል። የመጀመሪያው ጠጪም ፓምፑን የተከለው ሰው ይሆናል።

መብራት ሲሄድና ሲመለስ

በእጅ የሚበራ ፓምፕ አንድ በጎ ጎን አለው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አጠገቡ ሰው ካለ ይነቅለዋል። በራሱ የሚሠራው ግን መብራቱ በተመለሰበት ቅጽበት ይነሳል። ኃይሉ ገና ሳይረጋጋ፣ የሠፈሩ ፍሪጅ ሁሉ አብሮ ሲነሳ ማለት ነው። ሞተር 220 ቮልት በሚጠብቅበት 170 ቢያገኝ ተጨማሪ አምፔር ስቦ ይግላል። ስለዚህ ከፍሎቶቹ ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው። ቮልቱ ከልክ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ያቋርጣል፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ይለቃል። ለፍሪጅ ተብሎ የሚሸጠው ለትንሽ ፓምፕም ይሆናል፤ አምፔሩ ይታይ እንጂ። የዋይፋይ ስዊች ያለው ሰውም በስልኩ ውስጥ "መብራት ሲመለስ ምን ይሁን" የሚለውን ምርጫ ፈልጎ መወሰን አለበት፤ አለዚያ ፋብሪካው ወስኖለታል።

ውኃና ኤሌክትሪክ አንድ ቦታ የሚገናኙበት ሥራ ስለሆነ በፓምፑ መስመር ላይ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ የሚያቋርጥ ብሬከር ይግባ። የፓምፑ አካል ከግራውንድ ጋር ይገናኝ። ሳጥኑም ዝናብ የማያስገባ ይሁን። በግቢያችን የተለመደው ግራውንድ የሌለው ማራዘሚያ ገመድ ላይ ፓምፕ ሰክቶ በፌስታል መሸፈን፣ ታንከር ሊያጥብ የገባን ሰው ሊገድል ይችላል። ታንከር ከመታጠቡ በፊት ብሬከሩ ይውረድ፤ በራሱ የሚነሳ ፓምፕ ሰው መግባቱን አያውቅምና።

በኮንዶሚኒየም ይህ ሁሉ የሚከብደው በመሣሪያው ሳይሆን ባለቤት በማጣቱ ነው። ቁልፉ ዘበኛው ጋ፣ ገንዘቡ ኮሚቴው ጋ፣ ጥማቱ አራተኛ ፎቅ ጋ ይሆናል። ዘበኛውን ከመውቀስ ሁለት ፍሎትና አንድ ኮንታክተር ገዝቶ ለሁሉም ማካፈል ይቀላል። ለየቤቱ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

አንዳንድ ኤሌክትሪሻኖች "አውቶ" እና "ማንዋል" የሚል መቀያየሪያ ጨምረው ይገጥማሉ። ጥሩ ነው፤ የላይኛው ፍሎት ሲበላሽ ቤቱ ውኃ አጥቶ እንዳይውል ያደርጋል። ነገር ግን "ማንዋል" የላይኛውን ብቻ ይዝለል እንጂ የታችኛውን እንዳይዘል ይነገራቸው። ሁለቱንም የሚዘል ከሆነ አንድ ሌሊት አንዱ "ማንዋል" ላይ ረስቶት ይተኛል፤ ነገሩም ወደ ጀመርንበት ይመለሳል።

ባለሙያው ካቻቢቴውን ሰብስቦ ከመሄዱ በፊት፣ ሒሳቡም ሳይከፈል፣ አጠገብዎ ሆኖ አራት ነገር ያሳይዎ። ብሬከሩን ካወረደ በኋላ የላይኛውን ፍሎት በእንጨት ቀና አድርጎ ይሰር፤ ብሬከሩ ሲነሳ ፓምፑ ዝም ማለት አለበት። እንደገና አውርዶ ይፍታው፤ ሲያነሳ ፓምፑ መነሳት አለበት። የታችኛውን ደግሞ ከውኃው አውጥቶ ያንጠልጥለው፤ ፓምፑ በ"አውቶ"ም በ"ማንዋል"ም መነሳት የለበትም። ሁሉም ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ በመጨረሻ ብሬከሩን አውርዶ መልሶ ያንሳውና ሰዓት ይያዝ። ፓምፑ ወዲያው ከተነሳ ቮልቴጅ ፕሮቴክተሩ አልተቀጠለም፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ከተነሳ ይከፈለው።